ጤዛዬ የሚባለው ሰው

ሸኸዲ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጥላ፣

እንደምን ከረምህ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ልጄ ኮከብም ትምህርቷን ይዛለች። የላክህልን ሳሙናና ሻይ ቅጠል በደህና ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥህ።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ሆዴ ሌላ ነገር ይዟል። ስለ ወንድምህ የጻፍኸውን አንብቤዋለሁ። «ሰሊጡን አጭዶ ሲጨርስ ወደ ፋው በኩል ማሽላ ቆረጣ ሄደ መሰለኝ» ትላለህ። መሰለኝ ምንድን ነው? ባሌ በመስከረም ሲወጣ ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎኝ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ገባ፤ እሱ የለም። አንተ ደግሞ ከዚያው አገር ቁጭ ብለህ ስለ ገዛ ወንድምህ «መሰለኝ» ትለኛለህ። የጎረቤት ፍየል የጠፋበት ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ይናገራል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ነጋዴው ሙሐመድአሚን ባለፈው ከፋው ገበያ ሲመለስ ቤት ገብቶ ነበር። ሲያጫውተን አንድ ነገር አመለጠው። ለእሱ የመንገድ ወሬ ነው፣ ስቆበት አለፈ። እናትህም አልገባትም። እኔ ግን የያዝሁት ጣሳ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ምን እንዳለ አልጽፍልህም። ለማንም የማይነገር፣ የራሴ ብቻ ነገር ነው።

አንተ ግን ፋው ሂድልኝ። ወንድምህ እዚያ ካለ ከማን ቤት እንዳለ፣ ማን እንደሚያበላው፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው አይተህ ጻፍልኝ። ስልኩ እንደሆነ እዚያም እዚህም ሞቷል፤ ከወረቀት በቀር ተስፋ የለኝም። ክፉ ሴት ብትለኝም ግዴለም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ዙፋን፣

እንደምን ሰንብተሻል? እማዬ እንደምን ናት? ኮከቤ እንደምን ናት? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ሁሉም እንደምን ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰሊጥ ማበጠሪያው ላይ እንዳለሁ አለሁ። አቧራው ያስለኛል እንጂ ሥራው አይከፋም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሳነበው ደግሞ ላብ ላብ አለኝ። አንቺ ብዕር ስትጨብጪ ጅራፍ የጨበጥሽ ይመስልሻል መቼም።

እንዳዘዝሽኝ ፋው ሄጄ ተመልሻለሁ። በዚህ ጦርነት የተነሣ መንገዱ ላይ ፍተሻው በዝቷል። ሐበሻ ሲያዩ «ወረቀትህ የት አለ? ከየት መጣህ? ማንን ፈልገህ ነው?» ነው። እንደምንም ደረስሁና ከሎሪ ጫኞቹ ጀምሬ ጠየቅሁ። «ምስጋናው የሚባል ሐበሻ፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ከመተማ በኩል የመጣ» አልሁ። ሁሉም አላውቅም አለኝ። ገበያው ውስጥ ሻይ ከሚሸጡት ሴቶችም አንዷ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጥቼ ጠየቅሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ወላሂ ምስጋናው የሚባል አላውቅም» አለችኝ፤ ብርጭቆዋን ከእጄ ተቀብላ ፊቷን አዞረች። አልተቀየምኋትም። ዛሬ እዚህ አገር ስለ ሰው የሚጠይቅ ሰው አይወደድም፤ ጠያቂው ጆሮ ጠቢ ይሁን ዘመድ በምን ይታወቃል?

ሙሐመድአሚንንም ያዝሁት። «እኔ ስለ ምስጋናው አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ ሚስቱ ምን ሆና ነው?» ብሎ ማለልኝ። እውነቱን መሰለኝ። ይቅርታ፣ «መሰለኝ» አትወጂም።

እንግዲህ እታለም፣ ምን ሰምተሽ ነው? ምልክቱን ሳትነግሪኝ ሰው ፈልግ ትይኛለሽ። ወንድሜ የትም ቢሄድ ሆዱ አንቺ ዘንድ ነው፤ ይህን እኔ አብሬው ስላደግሁ አውቃለሁ። ሰርግሽ ዕለት የበላሁት ሥጋ ይፍረደኝ። የያዝሽው ነገር ካለ ጻፊልኝና ደግሜ ልሂድ።

አስናቀው


ሸኸዲ፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጥላ፣

ሙሐመድአሚን እውነቱን ነው፤ የምስጋናውን ስም አልጠራም። የጠራው ሌላ ስም ነው።

እናንተ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ የሆነውን ታስታውሳለህ። የባል ዘመድ በስሙ አይጠራምና ለሁሉም ስም አውጪ ተባልሁ። አንተ ገና ጢምህ ሳይበቅል «ወንድም ጥላ» አልሁህ፤ እናትህን «እናትዓለም» አልኋት። ጠላው እየተቀዳ፣ እየተሳቀ፣ በሰው ፊት ነው ያወጣሁላችሁ። ለእሱ ያወጣሁለት ግን በሰው ፊት አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረን አንተም እናትህም ሰምታችሁት አታውቁም። ሰው ካለ «የኮከብ አባት» እለዋለሁ። ያን ስም የምጠራው ሰው በሌለበት ነው። ልጃችን እንኳ አታውቀውም።

ብዙ የእኔ የምለው ነገር የለኝም፣ ወንድም ጥላ። ቤቱ የእናትህ ነው። መሬቱ የአባታችሁ ነው። ልጂቱም ስታድግ የሰው ናት። ያቺ ቃል ግን የእኔ ብቻ ነበረች፤ ብጠራውም ባልጠራውም የእኔ ነበረች።

ሙሐመድአሚን ያለው ይህን ነው። «ፋው ላይ ሂያም የምትባል የሻይ ሴት አለች። ከራኩባዋ፣ ከአገዳ ዳሷ ጀርባ፣ ለአንድ ሐበሻ ሾርባ ይዛ እየገባች ጤዛዬ! ጤዛዬ! ትለዋለች። የእናንተ የሐበሾች ስም መቼም አያልቅም» አለና ሳቀ።

ጤዛ ብቻ ብትል ኖሮ ከሐበሻ የሰማችው ተራ ቃል ነው እል ነበር። «ጤዛዬ» ነው ያለችው። እንግዲህ ማን ነገራት? የምናውቀው እኔና እሱ ነን፣ እኔ ደግሞ ፋው ሄጄ አላውቅም። ሴት ያዘ ቢሉኝ አይከፋኝም አልልህም። ይከፋኛል። ግን እሰድበዋለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ይወጣልኛል፤ በበረሃ ስንቱ ወንድ እንዲህ ሆኖ ተመልሷል። የእኔን ቃል ወስዶ ለእሷ አፍ መስጠቱ ግን አይወጣልኝም። ሌላ ስም አጥታ ነው? እነሱስ «ሐቢቢ» የሚሉት ሞልቶላቸው የለም ወይ?

መጀመሪያ ያልጻፍሁልህ በዚህ ነው። ከነገርሁህ የአንተም ሊሆን ነው፣ ከዚያ የሙሐመድአሚን፣ ከዚያ የገበያው። አሁን ይኸው ጻፍሁት። ሂድና ይህን ስም ጥራላት፤ ስትሰማው ፊቷ ምን እንደሚሆን እይልኝ።

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ የካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ዙፋን፣

እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እንደምን ናት? ጉልበቷን በቅባት እያሸሽላት ነው? ኮከቤስ እንደምን ናት? ጾሙም እየገባ ነው፤ እንኳን በሰላም አደረሳችሁ። እዚህ ሙቀቱ ከወትሮው ቀድሞ በረታ፤ ማበጠሪያው ውስጥ መቆም አይቻልም፣ ሰሊጡም እያለቀ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ ገብረስላሴ ባያውቁሽም ሰላምታ ልከውልሻል።

ፋው ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ አለች፤ እንዳልሽው ሂያም ትባላለች። በዚያ ስም የምትጠራውም ሰው ወንድሜ ምስጋናው ነው። አሁን ግን ከእሷ ዘንድ የለም።

ነገሩ ረጅም ነው፤ በወረቀት አይሆንም። እባክሽ በክፉ አትተርጉሚው። ትንሽ ታገሺኝ። አጎታችን አያ ብርሁ ከጎንደር ይወርድ ይሆናል፤ ከመጣ የሚልሽን ስሚው።

ረስቼው፣ እማዬን የምስጋናውን የክርስትና ስም ጠይቂልኝ። እኔ አላውቀውም፤ ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። ሙሐመድአሚን ሊነሣ ነው፣ ቸኩያለሁ።

አስናቀው


ሸኸዲ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአስናቀው፣

ወንድም ጥላ ማለቴን ትቻለሁ። ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፣ መልሼ ወስጄዋለሁ። ከእንግዲህ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ «አስናቀው» እልሃለሁ፤ ለሚዋሸኝ ሰው የማወጣው ስም የለኝም።

«ከእሷ ዘንድ የለም» ትለኛለህ። ታዲያ የት ገባ? ቤት ሠራላት? ወይስ ይዛው ወደ ሌላ ከተማ ሄደች እንዳልል፣ እሷ አለች ትላለህ። ፊቷን እይልኝ ብዬህ ነበር፤ ስለ ፊቷ አንዲት ቃል የለህም። ስለ ሙቀት ጻፍህልኝ። ስለ ጉልበት ቅባት ጻፍህልኝ። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ሰላምታ ያበዛል። ወጣት ናት? ቆንጆ ናት? ይህን እንኳ ለመንገር ፈራህ።

አያ ብርሁስ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምነኝ ነው ወይስ ሊያፋታኝ? እኔ አልታረቅም በለው፤ መንገዱንም አይድከም።

ደግሞ የክርስትና ስሙ! እሱም ገብቶኛል። ሴትዮዋ እስላም ናት። ሊያገባት ነው፤ ከማግባቱ በፊት ክርስትናውን ሊጥል ነው። ለመጣልም ስሙ መታወቅ አለበት? ወንድምህን እንዲህ በለው፤ እኔ የሰጠሁትን ስም ለእሷ ሰጠ፣ እናቱ ያስነሣችውን ደግሞ ሊጥል ነው፣ ለራሱ ምን ሊቀረው ነው? እናትህን አልጠይቃትም። መድኃኒት ይደረግበታል ብላ ያንን ስም ከእኔ እንኳ ደብቃ የኖረች ሴት ናት።

መጋቢት 12 ቀን

ደብዳቤውን የሚወስድ ሰው ሳላገኝ ቆየሁ። ትናንት ንዴቴ አላስቀምጥ ቢለኝ ለእናትህ ተናገርሁ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትባዝት ነበር። «አስናቀው የምስጋናውን የክርስትና ስም ጠይቂልኝ ይላል፤ ይህን ደግሞ ለምን ፈለገው?» አልኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

«ማን ጠይቆት ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ሰላም ብለውሻል የሚላቸው አንድ ቄስ አሉ» አልሁ።

ጥጡን ወደ ሰፌዱ መለሰችው። «ኃይለ ሚካኤል ነው» አለች። ይህን ሁሉ ዘመን የደበቀችውን ስም ልክ ጨው አቀብዪኝ እንደሚባለው ሰጠችኝ። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከትናንት ጀምሮ እንደዚያው ናት። አላለቀሰችም፣ እህል አልቀመሰችም፣ እኔን አታየኝም።

አስናቀው፣ ስሙን ጽፌልሃለሁ። አሁን አንተ ጻፍልኝ። እናትህ ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ምንድን ነው?

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእታለም ዙፋን፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድሜ ሞቷል።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። አያ ብርሁ ከጎንደር ወርዶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ በማለዳ እንዲነግርሽ ልኬበት ነበር፤ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። እሱ እስኪደርስ ዝም ልበል አልሁ። አንቺ በሴት ስትጠረጥሪው ሳነብ፣ ይቅር በዪኝ፣ ደስ አለኝ። የምትቀኚበት ባል እስካለሽ ድረስ ለእኔም ወንድም ያለኝ መሰለኝ። የሰደብሽኝን ስድብ ሁሉ በደስታ ነው ያነበብሁት። እማዬን ግን ማን ያታልላታል? ቄስ የሰው ክርስትና ስም ለምን እንደሚጠይቅ ታውቃለች።

ሂያም ወጣት አይደለችም፤ የእማዬ እኩያ ናት። ከማሽላ እርሻ የሚመለስ ሎሪ ትኩሳት የያዘው ሰው ገበያው ዳር አውርዶ ሄደ። እሷና ወንድሟ ሉጥፊ ደግፈው ወደ ራኩባዋ አስገቡት። ሐኪምም አይቶት ነበር፣ መድኃኒትም ወስዷል፤ ሕመሙ ግን ቀድሞ ሥር ሰዶ ኖሯል። አረብኛ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሂያም» አለችው፤ ቀጥላ ወደ እሱ አመለከተች። «ጤዛዬ» አላት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልነበረውም። በዚያ ስትጠራው ዓይኑን ይገልጣል፣ «ያ ሐበሻ» ሲሉት ግን አይገልጥም ነበር አለችኝ። ዘመድ እንዳለው ስትጠይቀው «ወንድሜ፣ ገዳሪፍ» ይላታል፤ ገዳሪፍ ደግሞ ስንት የሐበሻ ወንድም አለ! እታለም፣ ቃልሽን ለማንም አልሰጠም። ማን ነህ ሲሉት ያንን ነኝ አለ እንጂ።

ወረቀት አልያዘም ነበርና አፈሳ እየፈራች ደብቃ ነው ያስታመመችው፤ ያንን ስም ለማያውቅ ሰው የራኩባዋን መጋረጃ አትገልጥም ነበር። ሲያርፍ ሉጥፊ ከመቃብራቸው ዳር ቆፈረለት። አንገቱ ላይ ማተቡን አይተዋል። «የእኛን ጸሎት አልቀራንበትም፣ የእናንተን አናውቅም፤ ዝም ብለን አፈር አለበስነው» አሉኝ። ማተቡን ሰጥተውኛል፤ ሙሐመድአሚን ለእማዬ ያደርሰዋል። ስሙ ከደረሰኝ በኋላ ቄስ ገብረስላሴ ፍትሐቱን አድርሰውለታል።

ስሰናበታት ሂያም አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ይህን ሁሉ ቀን ጤዛዬ ስለው ከረምሁ፤ ምን ማለት ነው? ለምን እንዲህ ተባለ? እሱን ስጠይቀው ፈገግ ይላል እንጂ አይነግረኝም ነበር» አለች። እኔም ባለቤቱን ሳላስፈቅድ አልነግርሽም ብያት መጣሁ። ምን ልበላት?

አስናቀው


ሸኸዲ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጥላ፣

ለቅሶ ተቀምጠናል። አያ ብርሁ መንገዱ ተከፍቶለት ከደብዳቤህ በኋላ ደረሰ። ሁሉም እያወቀ እንደገና በማለዳ ነገረን፤ እኛም እንደገና አለቀስን። እናትህ ማተቡን ከራሷ ማተብ ጋር አስራዋለች። ኮከብ «እዚያ አገር ማን አለቀሰለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሂያም የምትባል አክስት አለች አልኋት።

የሞተበትን ቀን አልጻፍህም። ሎሪውን ጻፍህ፣ ማተቡን ጻፍህ፣ ቀኑን ዘለልህ። አርባው ሳናውቀው አልፏል፤ ለሙት ዓመቱ እንኳ ቀኑን ማወቅ አለብን። ለምን እንደዘለልኸው ግን ገብቶኛል። በጥር የጻፍህልኝን ደብዳቤ አውጥቼ አንብቤዋለሁ። ሻይ ቀድታልህ ከላይ እስከ ታች ያየችህ ሴት እሷ ናት። ወንድምህ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር፣ አይደል? ስሙን ብትጠራላት ትገልጥልህ ነበር። አንተ ደግሞ ስሙን አታውቀውም፤ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ሳልጽፍልህ ቀርቻለሁ። ይድን ነበር አልልም፤ እሱን እግዜር ያውቃል። ወንድሙን አይቶ ይሞት ግን ነበር። ይህን እንዳላሰላ ብለህ ቀኑን ደበቅህልኝ። አስልቼዋለሁና ጻፈው። ከእንግዲህ አትሰውረኝ፤ እኔም አልሰውርህም።

ስምህን መልሼልሃለሁ። በንዴት ነው የወሰድሁት፣ ይቅር በለኝ።

ለሂያም እንዲህ በላት። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፤ ለእኔ የነበረውን ሥራ አንቺ ሠራሽልኝ። መቃብሩን ስታይ በዚያው ስም ትጥራው፣ ሌላ አያውቅምና እኔ መጥቼ እስክጠራው ድረስ ዝም አትበለው። ጤዛ ማለት ማለዳ ሣር ላይ የሚገኘው ውኃ ነው በላት፤ ይህን ማንም ሐበሻ ሊነግራት ይችላል።

ለምን እንዲህ እንዳልሁት ግን ለእሷም ለአንተም አልናገርም። ስትጠይቀው ፈገግ ብሎ ዝም አላት ብለህ ጽፈሃል። ሌላውን ጽሑፍህን አንድ ጊዜ ነው ያነበብሁት፤ ያቺን መስመር ግን እየተመለስሁ አነባታለሁ። ስሙን ለማያውቃት ሴት ነገረ፤ ምክንያቱን ግን ለእኔ ሲል ደብቆልኝ ሞተ።

ዙፋን